ከጎረቤት አገር ዩኒቨርሲቲ ጋር ለሚደረግ ልውውጥ ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ጥያቄ፦ በደቡብ ኢትዮጵያ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በዓለም አቀፍ ግንኙነት ጽሕፈት ቤት እሠራለሁ። ከአንድ የኬንያ ዩኒቨርሲቲ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ከተፈራረምን ሦስት ዓመት ሆነን። ሰነዱ በየዓመቱ ከእያንዳንዱ ወገን 10 የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችና 4 መምህራን እንለዋወጣለን ይላል። እስካሁን አንድም ሰው ድንበር አልተሻገረም። ኃላፊዎቻችን ዘወትር «ፈንድ ፈልጉ» ይሉናል። የአውሮፓ ኅብረት እንዲህ ላለው ልውውጥ ይከፍላል? ሌላስ ማን አለ? አንድ አማካሪ ድርጅት ደግሞ ከሚገኘው ገንዘብ 10 በመቶ ከሰጣችሁኝ ፕሮፖዛሉን እጽፋለሁ ብሎናል። ምን ይመክሩኛል?

ምላሽ፦

ሰነዳችሁ ላይ በሰፈረው መልክ፣ ማለትም በሁለት ጎረቤት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ብቻ ለሚደረግ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ልውውጥ፣ የሚከፍል ለጋሽ የለም ማለት ይቻላል። ገንዘብ የለም ማለቴ ግን አይደለም። ያለው ገንዘብ ሌላ መልክ አለው፤ ከፊሉም እርስዎ ሳያስተውሉት በራሳችሁ በጀት ውስጥ ተቀምጧል። ኃላፊዎችዎ «ፈንድ ፈልጉ» ሲሉ አንድ ትልቅ ድርጅት አንድ ትልቅ ቼክ እንዲጽፍላቸው እየጠበቁ ነው። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ አለ እላለሁ፦ የትኛው ወጪ ነው በእርግጥ ድንበር መሻገር ያለበት?

እንዲህ ዓይነት ሰነዶች በብዛት አንብቤያለሁ። የተማሪ ቁጥር አለ፣ የመምህር ቁጥር አለ፣ የሁለቱ ፕሬዚዳንቶች ፊርማና ማኅተም አለ፤ የፊርማው ሥነ ሥርዓት ፎቶግራፍም አይጠፋም። ትኬቱን ማን እንደሚገዛ፣ ተማሪው የት እንደሚያድር፣ ቢታመም ማን እንደሚያሳክመው ግን አንድ መስመር አይገኝም። ስለዚህ ሰነዱን ለጊዜው ወደ ጎን ያድርጉትና አንድ ተማሪ አንድ ሴሚስተር ናይሮቢ ወይም ኤልዶሬት ቢቆይ ምን ምን እንደሚያስፈልገው በወረቀት ላይ ይዘርዝሩ፦ የመማሪያ ክፍያ፣ መጓጓዣ፣ መኝታና ምግብ፣ የኪስ ገንዘብ፣ የጤና መድን፣ የመኖሪያ ፈቃድ ክፍያ።

ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የመጀመሪያው ሲታይ ትልቅ ነው፣ ሲመረመር ግን ባዶ ነው። 40 ተማሪዎች ተቀምጠው በሚማሩበት ክፍል ሁለት እንግዶች ቢጨመሩ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የሚያወጣው ተጨማሪ ገንዘብ የለም። የሚያጣውም የለም፤ ልውውጡ ባይኖር እነዚያ ሁለት ተማሪዎች ከፍለው አይመጡም ነበርና። የመማሪያ ክፍያን እርስ በርስ መተው በልውውጥ ዓለም የተለመደ ነገር ነው፤ የሚያስፈልገውም የሴኔት ወይም የቦርድ ውሳኔ ብቻ ነው። መጓጓዣው መካከለኛ ወጪ ነው፤ ለእናንተ ደግሞ ከሰሜኑ ይልቅ ይቀላችኋል። የሞያሌው የጋራ ድንበር ኬላ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ከተመረቀ ወዲህ ተሳፋሪው ሁለቱንም አገር በአንድ ሥፍራ ጨርሶ ያልፋል፤ በየብስ መጓዝ የማያዋጣ ነገር አይደለም። ከባዱ መኝታና ምግብ ነው። ልውውጥ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው።

ለምን እንደሚሞት ከእኔ ይልቅ የዩኒቨርሲቲዎ ፋይናንስ ኃላፊ ያውቃሉ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የእናንተ በጀት በብር ነው። በብር የተያዘ የልውውጥ በጀት ቢኖራችሁ እንኳ፣ በዚያ ወር ውስጥ የመግዛት አቅሙ ግማሽ ሆኖ ይቀር ነበር። ከዚያ ቀደም ደግሞ ችግሩ ሌላ ነበር፤ ብሩ ቢኖርም የውጭ ምንዛሪው አይገኝም። ስለዚህ ተማሪን ወደ ውጭ ልኮ በየወሩ ሽልንግ ወይም ዶላር የሚያስከፍል ዕቅድ በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዕድሜ የለውም። ኬንያውያኑም ቢሆኑ እጃቸው አልሰፋም፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻቸው የተከማቸ ዕዳ የአገሩ ጋዜጦች የዘወትር ርዕስ ነው።

ይህን እንቆቅልሽ ቀድመው የፈቱት የመካከለኛው አውሮፓ አገሮች ናቸው፤ የእነርሱን መንገድ በሚገባ እንዲያጠኑት እመክራለሁ። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኦስትሪያ፣ ሀንጋሪ፣ ስሎቫኪያ፣ ስሎቬኒያና ሌሎች ጎረቤቶቻቸው ተማሪና መምህር መለዋወጥ ፈለጉ። ከመካከላቸው ሀብታሟ ኦስትሪያ ነበረች። የሌሎቹ ገንዘብ ዋጋው የሚዋዥቅ፣ ከአገር ውጭም ብዙ የማይረባ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1993 ቡዳፔስት ላይ ስምምነት ፈረሙና ሴፑስ የሚባለውን ፕሮግራም አቋቋሙ፤ ከ1995 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ፤ ማዕከላዊ ጽሕፈት ቤቱም ቪየና ነው። የፕሮግራሙ ዋና ሐሳብ አንድ ነው፦ በአገሮቹ መካከል ገንዘብ አይተላለፍም። እያንዳንዱ አገር የሚመጣለትን እንግዳ በራሱ ገንዘብ፣ በራሱ ተመን ይቀበላል። ሀንጋሪ የገባ ስሎቫካዊ ተማሪ አበሉን ከሀንጋሪ መንግሥት በፎሪንት ይቀበላል፤ ስሎቫኪያ የሄደው ሀንጋሪያዊ ደግሞ አበሉን ከስሎቫኪያ ያገኛል።

ታዲያ ሂሳቡ በምን ይያዛል? በወር። መለኪያው «የስኮላርሺፕ ወር» ይባላል። እያንዳንዱ አባል አገር በዓመት ቢያንስ 100 የስኮላርሺፕ ወር ለእንግዶች ያቀርባል። አራት ወር የሚቆይ ተማሪ አራት ወር ይበላል። ዋጋው ስንት ዩሮ ነው ብሎ የሚጨቃጨቅ የለም፤ አንዱ ወር የቪየና ወር ነው፣ ሌላው የቡካሬስት ወር ነው፣ ሁለቱም አንድ ወር ናቸው። የመማሪያ ክፍያ አይጠየቅም። መጓጓዣው በመሠረቱ የስኮላርሺፑ አካል አይደለም፤ የላኪው ወገን ወይም የተጓዡ ጉዳይ ነው። መምህራን ደግሞ ቢያንስ አምስት የሥራ ቀን ቆይተው ስድስት ሰዓት ካስተማሩ ጉዞው እንደ ልውውጥ ይቆጠርላቸዋል። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ልብ ይበሉ፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

አሠራሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1958 ለአፍሪካ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ ሲከፍት ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካና ከሌሎችም የመጡ ወጣቶች አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብተው በኢትዮጵያ ወጪ ተምረዋል። (እነዚያ ወጣቶች ለአገሬው ተማሪ ያመጡለት የፖለቲካ ንቃት መንግሥት ካሰበው በላይ ነበር፤ ይህ ግን ሌላ ታሪክ ነው።) ያ በአንድ ወገን የተሰጠ ስጦታ ነበር። ሴፑስ የጨመረበት ነገር ብድር መላሽነትን ነው።

እናንተ መንግሥታት እስኪፈራረሙ አትጠብቁም። ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ይህንኑ ሂሳብ በመካከላቸው መያዝ ይችላሉ። ነባሩን የመግባቢያ ሰነድ ሳትነኩት አንድ ባለ ሦስት ገጽ የአፈጻጸም ስምምነት ተጨማሪ አድርጉበት። እያንዳንዱ ወገን በዓመት ለምሳሌ 12 ወር ያቅርብ፤ ሦስት ተማሪዎች ለአራት አራት ወር ማለት ነው። ሰነዱ ላይ ከተጻፈው 10 ያነሰ መሆኑ አያሳፍርም። ሦስት ዓመት ሙሉ ዜሮ ላላችሁ፣ ሦስት ብዙ ነው።

እዚህ ላይ ግን የሁለቱ አገር አሠራር አይመሳሰልም። የእኛ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤትና ካፌ አለው። አንድ ኬንያዊ እንግዳ ቢመጣ አልጋ ሊሰጠውና የካፌ መታወቂያ ሊታተምለት ይችላል፤ ከአጠቃላይ የተመጋቢው ቁጥር አንጻር የሚጨምረው ወጪ ኢምንት ነው። በኬንያ ግን ተማሪው ለምግቡም ለመኝታውም ከኪሱ የሚከፍል ነው፤ በግቢ ውስጥ ያለው መኝታም ለሁሉም አይበቃም። ስለዚህ ለእናንተ በዓይነት የሚሸፈነው ነገር ለእነርሱ ጥሬ ገንዘብ ነው። ይህን ሳታነሱ «እኩል እንለዋወጥ» ካላችሁ በጨዋነት ፈርመው በዝምታ ይተዉታል። ምናልባት እስካሁን የሆነውም ይኸው ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው እኩልነቱን በተማሪ ብቻ አለመለካት ነው። እናንተ 12 የተማሪ ወር ብታቀርቡ እነርሱ ስድስት የተማሪ ወርና ሁለት የመምህር ጉብኝት ያቅርቡ፤ ወይም የእናንተ ተማሪዎች በቤተ ሙከራቸው እንዲሠሩ ይፍቀዱ። ሂሳቡም በየዓመቱ ሳይሆን በሁለት በሦስት ዓመት ይታሰብ፤ አንድ ዓመት ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉ አይቀርምና። ለሚሄዱት ተማሪዎቻችሁ የምግብ በጀታቸው ምን ይሆናል የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። ኖን ካፌ ለሆነ፣ ማለትም በግቢው ካፌ መመገቡን ትቶ የምግቡን ገንዘብ በእጁ ለሚቀበል ተማሪ በብር የሚከፈለው እንዳለ እንዲቀጥልለት ሴኔቱ አስቀድሞ ይወስን፤ ሽልንግ አይሆንለትም፣ ግን ትኬቱን ለመግዛት ለወሰደው ብድር ይረዳዋል። የኪስ ገንዘቡን ልዩነት ከዩኒቨርሲቲው የውስጥ ገቢ ለመሸፈን ሦስት ሰው እንጂ 10 ሰው አይቻልም። ቁጥሩን ያሳነስኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሌላው ምክንያት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪን ማንቀሳቀስ ራሱ አስቸጋሪ መሆኑ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ ተማሪው ኬንያ የወሰደው ኮርስ ከፈተናው ይዘት ጋር ካልገጠመ በመጨረሻ የሚጎዳው እርሱ ነው፤ ወላጆቹም በእናንተ ላይ ቢነሱ አይፈረድባቸውም። የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ግን ኮርሱን ጨርሶ ለመመረቂያ ጽሑፉ መረጃ ለመሰብሰብ ወይም ቤተ ሙከራ ለመጠቀም ሁለት ወር ቢሄድ የሚዛወር ክሬዲት እንኳ የለም። ሬጅስትራሩ አይጨነቅም፣ የትምህርት ዘመን አቆጣጠሩ አለመግጠም አያስቸግርም። እነርሱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ በሚል ሲከፍሉት የእኛ ካላንደር ደግሞ ከኮሮና ወዲህ በየዩኒቨርሲቲው የተለያየ ሆኗል። በዚህ ላይ የአርብቶ አደሩ ግጦሽ፣ የድንበር ንግዱ፣ የቱርካና ሐይቅና የኦሞ ተፋሰስ፣ የቦረና ማኅበረሰብ ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ መኖር፣ እነዚህ ሁሉ ከሞያሌ ማዶ ሳይሻገሩ በቅጡ የማይጠኑ ርዕሶች ናቸው። ለእናንተ ዩኒቨርሲቲ ከዚህ የተሻለ የልውውጥ ምክንያት አይገኝም።

ከሁሉ በፊት ግን መምህራኑን አስቀድሙ። አምስት ቀንና ስድስት ሰዓት ያልኳችሁ ለዚህ ነው። የትምህርት ክፍሎቻችሁ በየዓመቱ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፍ ሲያስገመግሙ የውጭ ፈታኝ ይጋብዛሉ። ለፈታኙ ትኬት፣ አበልና ክፍያ የሚሆን በጀት አለ፤ በየዓመቱም ይታደሳል። ያ በጀት ዛሬ ፈታኙን በሁለት ቀን አምጥቶ ይመልሰዋል። ፈታኙ ከኬንያው አጋራችሁ ቢመረጥና በእንግዳ ማረፊያችሁ አንድ ሳምንት ቢሰነብት፣ ስድስት ሰዓት ሴሚናር ይሰጣል፣ ከሁለት ተማሪዎች ጋር ስለ ጽሑፋቸው ይወያያል፣ ለቀጣዩ ዓመት የጋራ አማካሪ ለመሆን ይስማማል። ተጨማሪው ወጪ የአምስት ቀን መኝታና ምግብ ነው። እነርሱም የውጭ ፈታኝ ይጠቀማሉ፤ የእናንተን ሰው ይጥሩ። የሳባቲካል ፈቃድ፣ ማለትም ከማስተማር ሥራ ለጊዜው ነጻ የሚሆንበት ፈቃድ የደረሰው መምህርም እንዲሁ ነው። ደመወዙ እዚሁ እየተከፈለው ስለሚሄድ ተቀባዩ ማረፊያ ከሰጠው ይበቃል። በግቢያችሁ ውስጥ ዘንድሮ ሳባቲካል የሚወጡ ሰዎች ስም ዝርዝር አለ፤ የሰው ኃይል አስተዳደሩን ይጠይቁ።

ይህን በራሳችሁ አቅም ከጀመራችሁ በኋላ ስለ ውጭ ገንዘብ እናውራ። የአውሮፓ ኅብረት የልውውጥ ፕሮግራም የሆነውን ኤራስመስ ፕላስን ሁሉም ያውቀዋል፤ ኃላፊዎችዎም በልባቸው ያሉት እርሱን ይመስለኛል። ከእኛ ወደ አውሮፓ ለሚሄድ ተማሪ እንደ ተቀባዩ አገር የኑሮ ውድነት በወር ከ800 እስከ 900 ዩሮ፣ ለአስተባባሪዎቹ ደግሞ በአንድ ተጓዥ 500 ዩሮ የሥራ ማስኬጃ ይሰጣል። ነገር ግን አመልካቹ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ጉዞውም በአውሮፓና በእናንተ መካከል ብቻ ነው። ከአርባ ምንጭ ወይም ከዲላ ወደ ናይሮቢ ለሚሄድ ሰው አንድ ሳንቲም አይወጣለትም። በዚህ ላይ ጊዜ አያጥፉ።

ለእናንተ የሚቀርበው የአፍሪካ ውስጥ የአካዳሚክ ልውውጥ መርሐ ግብር ነው። ገንዘቡ የአውሮፓ ኅብረት ነው፤ ከአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ጋር በትብብር የሚሠራ ሆኖ ብራስልስ ያለው የአውሮፓ የትምህርትና ባህል ሥራ አስፈጻሚ ኤጀንሲ ያስተዳድረዋል። አመልካቹና አስተባባሪው የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን የአውሮፓው ተቋም በቴክኒካዊ አጋርነት ብቻ ይገባል። ስኮላርሺፑ ጉዞ፣ ቪዛ፣ መድን፣ የመማሪያ ክፍያና ወርኃዊ አበል ይሸፍናል። ሁለት ነገሮች ግን ያሰናክሏችኋል። አንደኛ፣ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎችና ለሠራተኞች ያደላ ነው። ሁለተኛ፣ ሁለት ጎረቤቶች ብቻችሁን አትበቁም፤ ከበርካታ የአፍሪካ አገሮች የተውጣጣ ጥምረት ያስፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያ ማመልከቻችሁን አስተባባሪ ሆናችሁ አታስገቡ። የማስተባበር ልምድ ባለው ዩኒቨርሲቲ ሥር አጋር ሆናችሁ ግቡ። አስተባባሪው አጋር ሲመርጥ የሚጠይቀው «ባለፉት ሁለት ዓመታት ስንት ሰው ተቀበላችሁ፣ ስንት ላካችሁ፣ ማን አስተናገዳቸው?» ነው። ሦስት ተማሪና አራት መምህር ያንቀሳቀሰ ዩኒቨርሲቲ መልስ አለው። ዛሬ እናንተ የላችሁም።

ግብርና፣ እንስሳት ሀብት ወይም የተፈጥሮ ሀብት ጠንካራ ጎናችሁ ከሆነ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የግብርና ትብብር መድረክ የሆነውን ሩፎረምን ይመልከቱ። ጽሕፈት ቤቱ ካምፓላ በማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች ተመሥርቶ ዛሬ አህጉር አቀፍ መረብ ሆኗል፤ ሐረማያን ጨምሮ የእኛም ዩኒቨርሲቲዎች አሉበት። ረዳት መምህራንን ለሦስተኛ ዲግሪ የሚያሠለጥንበት መርሐ ግብር ወጪውን የሚከፋፍለው ልክ እስካሁን በነገርኳችሁ መንገድ ነው። ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የመማሪያ ክፍያውን ይተዋል፣ ላኪው ጉዞውንና መተዳደሪያውን ይሸፍናል፣ መረቡ ደግሞ ለምርምሩ ገንዘብ በማፈላለግ ይረዳል። ወጣት መምህሮቻችሁን በአውሮፓ ዋጋ ሳይሆን በአፍሪካ ዋጋ ለማሠልጠን ከዚህ የሚሻል መንገድ ጥቂት ነው።

የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት የሆነው ዳድ «በቀጣናው ውስጥ» የሚሰጠው ስኮላርሺፕም አለ። ኢትዮጵያዊ ኬንያ፣ ኬንያዊ ኢትዮጵያ ውስጥ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ እንዲማር የሚከፍል ነው። ልውውጥ አይደለም፣ ሙሉ ዲግሪ ነው፤ ተቀባዮቹም ዳድ የመረጣቸው ተቋማት ብቻ ናቸው። ቢሆንም ለመምህራኖቻችሁ ይጠቅማል። የፓን አፍሪካን ዩኒቨርሲቲም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ የመሠረታዊ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋሙ በኬንያው ጆሞ ኬንያታ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ወጪውን የሚሸፍነው የአፍሪካ ኅብረት ነው፤ ለግለሰቡ እንጂ ለእናንተ ተቋም የሚሰጠው ነገር ግን ጥቂት ነው።

የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመረውን የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የልህቀት ማዕከላት ፕሮጀክት የማነሣው ለተለየ ምክንያት ነው። በስምንት አገሮች 24 ማዕከላት ተመርጠው ነበር፤ አራቱ የኢትዮጵያ ናቸው፣ ሦስት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አንድ በሐረማያ። ገንዘቡ የሚለቀቀው ውጤት ሲረጋገጥ ነበር፤ ከሚቆጠሩት ውጤቶች አንዱም ከሌሎች የቀጣናው አገሮች የተቀበሉት ተማሪ ቁጥር ነበር። በዚህ የተነሣ ማዕከላቱ የጎረቤት ተማሪን የሚቀበሉበት አሠራር፣ ቅጽና ማረፊያ ዘርግተዋል። ሄደው ይጎብኟቸው። የመግቢያ ደብዳቤያቸውን፣ የኢሚግሬሽን ድጋፍ ደብዳቤያቸውን፣ የክፍያ ቅጻቸውን ቀድታችሁ ብትጠቀሙ ግማሽ ሥራችሁ አለቀ። እንደ አዲስ መፈልሰፍ የሚወዱ ቢሮዎች አሉ፤ ከእነርሱ አይሁኑ።

የምሥራቅ አፍሪካ የዩኒቨርሲቲዎች ምክር ቤት ካምፓላ እንዳለ ሰምተው ይሆናል። ኬንያዊው አጋራችሁ በዚያ በኩል የሚያገኛቸው ጥቅሞች አሉ፤ ምክር ቤቱ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ተቋም ሲሆን ኢትዮጵያ ግን የማኅበረሰቡ አባል አይደለችም። በጎረቤቶቻችን መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ነው፦ ኬንያ፣ ደቡብ ሱዳንና ሶማሊያ ውስጥ ናቸው፣ እኛ ውጭ ነን። ለኡጋንዳ ተማሪ የአገሬውን ክፍያ የሚያስከፍል የኬንያ ዩኒቨርሲቲ የእናንተን ተማሪ እንደ ባዕድ ሊያስከፍለው መብቱ ነው። በአፈጻጸም ስምምነቱ ላይ «ተማሪዎቻችን ከመማሪያ ክፍያ ነጻ ናቸው» ብሎ በግልጽ መጻፍ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው፤ «በመልካም ፈቃድ ይስተናገዳሉ» የሚለው ሐረግ ገንዘብ ቤት ሲደርስ አይሠራም።

ጥቂት የማያማምሩ ነገሮች ይቀራሉ። የኬንያ ዜጎች ለአጭር ጉብኝት ወደ ኢትዮጵያ ያለ ቪዛ ስለሚገቡ የአንድ ሳምንቱ መምህር አያስቸግርም። አንድ ሴሚስተር የሚቆይ ተማሪ ግን የመኖሪያ ፈቃድ ከኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ያስፈልገዋል። በእነርሱ በኩልም የተማሪ ፈቃድ የሚባል አለ፤ ክፍያና ጊዜ ይወስዳል፤ ማመልከቻው ተማሪው ከመነሣቱ ቢያንስ ሁለት ወር ቀድሞ መግባት አለበት። ኬንያ ከጥር 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመግቢያ ሥርዓቷን ወደ ኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ስለቀየረች ደግሞ ለእያንዳንዱ ተጓዥ ትኬት ከመቁረጡ በፊት ሕጉን ከኤምባሲው ያጣሩ። የጤና መድን ሳይገዛ ማንም እንዳይሄድ፤ አንድ ተማሪ አጥንቱ ቢሰበር የሆስፒታሉ ሂሳብ የዓመቱን ልውውጥ በሙሉ ይበላዋል።

ክሬዲት ማዛወር ካለባችሁ ተማሪው ከመሄዱ በፊት የሚወስዳቸው ኮርሶች በሁለቱም የትምህርት ክፍሎች ይፈረሙ። እኛ በኢሲቲኤስ (በአውሮፓው የክሬዲት አቆጣጠር) እና በክሬዲት ሰዓት እንቆጥራለን፣ እነርሱ በዩኒት ይላሉ፤ ሦስት ኮርስ ከሦስት ኮርስ ጋር ይመሳሰላል ብሎ ተማሪውን መላክ ሲመለስ ከሬጅስትራሩ ጋር ማጣላት ነው። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ2014 የጸደቀውና በታኅሣሥ 2019 ሥራ ላይ የዋለው የአፍሪካ የትምህርት ማስረጃ ዕውቅና ስምምነት በመርሕ ደረጃ መንገዱን ይጠርጋል። የእናንተን ተማሪ ውጤት የሚያጸድቀው ግን የእናንተው የትምህርት ክፍል ቃለ ጉባኤ ነው።

አማካሪ ድርጅቱን በተመለከተ፣ አይስማሙ። የአውሮፓ ኅብረት የሚሰጠው ዓይነት ድጋፍ ውሉ ከመፈረሙ በፊት የወጣ ወጪን አይከፍልም፤ ፕሮፖዛል የተጻፈበት ዋጋ ደግሞ ከውሉ በፊት የወጣ ነው። ስለዚህ 10 በመቶውን ከድጋፉ መክፈል አትችሉም፤ ከራሳችሁ በጀት ልትከፍሉ ነው ማለት ነው። ገንዘቡ ለተማሪ ተብሎ ወጥቶ ለአማካሪ ቢከፈል ደግሞ ኦዲተሩ ሲመጣ የሚፈርመው እርስዎ ነዎት። በዚያ ላይ አማካሪው የሚጽፈው የሌሎችን ጥምረት ከሌላ ቦታ ቀድቶ ነው፤ የእናንተን የቦረና ግጦሽና የቱርካና ሐይቅ አያውቀውም። የሚጽፍ ሰው ከቸገራችሁ በግቢያችሁ ውስጥ የውጭ ምርምር ድጋፍ አግኝተው የሚያውቁ ሁለት ሦስት መምህራን አይጠፉም። ለእነርሱ የማስተማር ሸክም አንድ ኮርስ ቀንሱላቸውና ይጻፉት።

ለዚህ ወር የሚሆን ሥራ ልስጥዎት። የኬንያውን አቻዎን በስልክ ያግኙና አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቋቸው፦ አንድ የውጭ ፈታኝ ከእናንተ ዘንድ ብንጠራ ለአንድ ሳምንት ትለቁልናላችሁ? እሺ ካሉ ከትምህርት ክፍሎቹ አንዱን ይምረጡ፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ግምገማ ቀኑ ከወዲሁ የሚታወቀውን። የአፈጻጸም ስምምነቱ ረቂቅ ፈታኙ እናንተ ዘንድ ባለበት ሳምንት ይነበብ፤ ሲመለሱ ይዘውት ይሂዱ። ለሴኔቱ የሚቀርበው የመጀመሪያ አጀንዳ ደግሞ የመማሪያ ክፍያ ነጻ መሆንና የተጓዥ ተማሪ የኖን ካፌ ክፍያ መቀጠል ይሁን፤ ሁለቱም አዲስ በጀት አይጠይቁም፤ ስለዚህ ለሚቀጥለው ዓመት የሚያዘዋውራቸው ምክንያት የለም።